የሰው ወርቅ ያደመቀው ደራሲ፤ የጀምስ ብሊሽ ሕይወትና ሥራ

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። በጌጥና በልብስ ላይ አባባሉ ልክ ሊሆን ይችላል። በሥራ ላይስ? ሌላ ሰው ያሰበውን፣ ሌላ ሰው የጀመረውን፣ ስሙም መብቱም የሌላ የሆነውን ነገር ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው ወይ? ጥያቄው ለእኛ ለመምህራንና ለሠልጣኞች የሩቅ ጥያቄ አይደለም። ክፍል ገብተን የምናስተምርበትን መጽሐፍ የጻፍነው እኛ አይደለንም። የትምህርቱን ቅደም ተከተል የወሰንነውም እኛ አይደለንም። ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? አፍ ማዋስ ብቻ ነው?

ይህን ጥያቄ ይዘን በዚህ ዐምድ የአንድ አሜሪካዊ ደራሲን ሕይወት እንመለከታለን። ስሙ ጀምስ ብሊሽ ይባላል፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር። ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከገዛ አሳቡ አውጥቶ የጻፋቸው መጻሕፍት በሙያው ሰዎች ዘንድ አስከብረውታል። ብዙው አንባቢ ያወቀው ግን ስታር ትሬክ ከተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ቀድቶ በጻፋቸው ታሪኮች ነው። የራሱን ወርቅ ይዞ የሰው ወርቅ ያደመቀው ሰው ማለት እንግዲህ እሱ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከልጅነት መጽሔት እስከ ላቦራቶሪ

ጀምስ ቤንጃሚን ብሊሽ ሜይ 23 ቀን 1921 በኒው ጀርዚ ክፍለ ሀገር ኢስት ኦሬንጅ በተባለች ከተማ ተወለደ። ያደገበት ዘመን በርካሽ ወረቀት የታተሙ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔቶች በጥቂት ሳንቲም የሚሸጡበት ዘመን ነበር። አዋቂዎች እንደ ተራ ነገር ቢያዩዋቸውም ወጣቶች ይሻሟቸው ነበር። ብሊሽም ከተሻሚዎቹ አንዱ ነው። ማንበቡ ብቻ አልበቃውም። በ1935 ገና የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ሳለ ፕላኔቲር የተባለ የራሱን ትንሽ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። እንዲህ ያለው መጽሔት ደመወዝ የለውም፤ ትርፍ የለውም፤ አንባቢውም በጣት የሚቆጠር ነው። በግድግዳ ጋዜጣ ላይ የምንጽፍ ሁሉ ነገሩ ይገባናል። ከመጻፍ ፍቅር በስተቀር ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚያ በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ ፊውቸሪያንስ ወደተባለው የወጣቶች ማኅበር ገባ። በማኅበሩ ውስጥ ከነበሩት ወጣቶች መካከል ኋላ ስማቸው በዓለም የታወቀው አይዛክ አሲሞቭና ፍሬደሪክ ፖል ይገኙበታል። ፖል ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ የአንድ መጽሔት አዘጋጅ ሆኖ ነበርና፣ የብሊሽን የመጀመሪያ ታሪክ በማርች 1940 አወጣለት። ከዚያ ወዲያ ብሊሽ እስኪሞት ብዕሩን አላስቀመጠም።

ትምህርቱን በሚመለከት፣ ራትገርስ በተባለው ዩኒቨርሲቲ የሕይወት ሳይንስ ተምሮ በ1942 ተመረቀ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለነበረ ወዲያው ወደ ጦር ሠራዊቱ ተጠርቶ እስከ 1944 በሕክምና ላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት አገለገለ። ከሠራዊቱ ሲወጣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ትምህርቱን ለመቀጠል ገብቶ ነበር፤ ሆኖም ሁለተኛ ዲግሪውን ሳይጨርስ ተወው። ልቡ ወደ ጽሑፍ ነበረ። ይሁን እንጂ በማይክሮስኮፕ ያሳለፈው ጊዜ በከንቱ አልቀረም። የሚከተለውን ታሪኩን ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል።

በኩሬ ውስጥ ያለ ዓለም

በ1952 ብሊሽ ስለ ውሃ የገጽ ውጥረት አንድ ታሪክ ጻፈ። ርእሱም ይኸው ነው፤ የገጽ ውጥረት። አንባብያን እንደምናስታውሰው ይህ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መርፌ በውሃ ላይ አንሳፍፈን የምናሳየው ነገር ነው። መርፌዋ ከውሃ ትከብዳለች፤ ግን በቀስታ ካስቀመጧት የውሃው ገጽ እንደ ስስ ቆዳ ሆኖ ይሸከማታል። ተማሪው አይቶ ይገረማል፤ ደወል ሲደወል ይረሳዋል።

ብሊሽ ግን ከዚህች ትንሽ ነገር አንድ ሙሉ ዓለም ሠራ። ሀይድሮት በምትባል ውሃ በሞላባት ፕላኔት ላይ አንዲት የሰው ልጆች መርከብ ትወድቃለች። መንገደኞቹ በዚያ ስፍራ ሊኖሩ እንደማይችሉ ያውቃሉ፤ ሞታቸው አይቀሬ ነው። ከመሞታቸው በፊት ከገዛ ራሳቸው የዘር ሕዋስ አዲስ ዓይነት ሰዎችን ያበጃሉ። እነዚህ ሰዎች በዓይን የማይታዩ ደቂቃን ናቸው፤ የሚኖሩትም በኩሬ ውስጥ ነው። አባቶቻቸው እውቀታቸውን በጥቃቅን የብረት ሰሌዳዎች ላይ ቀርጸው ይተዉላቸዋል።

ትውልድ ያልፋል። የኩሬው ሰዎች ከፓራሚሲየም ጋር ተወዳጅተው፣ ሮቲፈር ከተባሉት በላተኞች ጋር እየተዋጉ ይኖራሉ። ለእነሱ ሰማይ ማለት የውሃው ገጽ ነው። ከሥር ሆኖ የሚገፋው ሁሉ ሊበሳው አይችልም፤ እንደ ግድግዳ ይመልሰዋል። መርፌዋን የተሸከመው ያው ስስ ቆዳ ለእነሱ የእስር ቤት ጣሪያ ሆነባቸው። በመጨረሻ ከአባቶች የወረሱትን የሰሌዳ ጽሑፍ እየመረመሩ ከእንጨት መርከብ ይሠራሉ። የመርከቧ ርዝመት ሁለት ኢንች ነው፤ አንድ ጣት እንኳ አትሞላም። በእርሷ ሰማዩን በጥሰው ይወጣሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋክብትን ያያሉ፤ በደረቁ ምድር ላይ ተሳበው ወደ ሌላ ኩሬ ይሻገራሉ።

ለመምህር ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ? ሕጉ ያው ነው፤ መርፌዋም ያችው ናት። ልዩነቱ አንድ ሰው ነገሩን በትንሿ ፍጡር ዓይን ለማየት መሞከሩ ነው። ይህና መሰሎቹ ታሪኮች በ1957 የከዋክብት ችግኞች በሚል ርእስ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ወጡ። ፕላኔቱን ለሰው ከማስተካከል ይልቅ ሰውን ለፕላኔቱ ማስተካከል የሚለው አሳብ የመጽሐፉ አስኳል ነው። በነገራችን ላይ ጁፒተርንና ሳተርንን የመሳሰሉትን ፕላኔቶች የጋዝ ግዙፎች ብለን ስንጠራ የምንጠቀመው የብሊሽን ቃል ነው። በ1952 በታተመ አንድ ታሪኩ ውስጥ ያስገባት ቃል በኋላ የሳይንስ መጻሕፍት ቃል ሆና ቀረች።

የሚበሩ ከተሞችና የኅሊና ጥያቄ

በ1950 ደግሞ ስለሚበሩ ከተሞች መጻፍ ጀመረ። የስበትን ኃይል የሚያሸንፍ መሣሪያ ይፈለሰፋል፤ ከዚያ ሙሉ ከተሞች ከነሕንጻቸውና ከነሕዝባቸው ከምድር ተነሥተው በሕዋ ውስጥ ሥራ ፍለጋ ይዞራሉ። ኒው ዮርክም አማልፊ በሚባል ከንቲባዋ እየተመራች ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ትሄዳለች። አሳቡ የመጣለት በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል አፈናቅሏቸው ከኦክላሆማ ተነሥተው በየአገሩ የቀን ሥራ ይፈልጉ ከነበሩት ገበሬዎች ነው። እነዚያን ስደተኞች ሕዝቡ ኦኪ እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ብሊሽም ከተሞቹን በዚሁ ስም ጠራቸው። እንዲያው ሲሰሙት ተረት ይመስላል፤ ሥሩ ግን የሥራ ማጣት ታሪክ ነው። አራት መጻሕፍት ሆኖ ተጠናቀቀ፤ በ1970ም በአንድ ጥራዝ ታተመ።

ከሥራዎቹ ሁሉ የከበረው ግን በ1958 ያወጣው የኅሊና ጉዳይ የተባለው ልብ ወለድ ነው። አራት ሳይንቲስቶች ሊቲያ ወደምትባል ፕላኔት ይላካሉ። ሥራቸው ፕላኔቷ ለሰው ልጆች ትከፈት ወይስ ትዘጋ የሚለውን መርምሮ መወሰን ነው። ከአራቱ አንዱ የባዮሎጂ ሊቅም የካቶሊክ ቄስም የሆነ ፔሩያዊ ነው። የፕላኔቷ ነዋሪዎች እንሽላሊት የሚመስሉ ብልህ ፍጡሮች ናቸው፤ ሌብነት የለ፣ ጦርነት የለ፣ ውሸት የለ። ነገር ግን ሃይማኖትም የላቸውም። ቄሱ ይጨነቃል። ያለ እምነት እንዲህ ያለ ፍጹም ኑሮ እንዴት ሊኖር ይችላል? ፕላኔቷ የሰይጣን ወጥመድ ትሆን? ከጓደኞቹ አንዱ የሆነው የፊዚክስ ሊቅ በበኩሉ ስለ ነዋሪዎቹ ደንታ የለውም፤ ፕላኔቷ የቦምብ ፋብሪካ እንድትሆን ይፈልጋል። በመጨረሻ ፕላኔቷ ትጠፋለች። ያጠፋት የቄሱ ጸሎት ነው ወይስ የፊዚክሱ ሊቅ የተሳሳተ ሙከራ? ደራሲው አይነግረንም። ውሳኔውን ለአንባቢው ይተዋል። ብሊሽ ራሱ ካቶሊክ አልነበረም፤ ቢሆንም የቄሱን ጭንቀት ሳያላግጥበት ጻፈው። መጽሐፉ በ1959 ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ታላቅ ሽልማት አገኘ።

ኃይለኛው ሐያሲ

ብሊሽ ደራሲ ብቻ አልነበረም፤ ዊልያም አትሊንግ በሚል የብዕር ስም ኂስ ይጽፍ ነበር። ያን ጊዜ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች እርስ በርሳቸው ከመሞጋገስ በስተቀር የመተራረም ልማድ አልነበራቸውም። አትሊንግ ግን ዓረፍተ ነገሩ የተንሻፈፈውን፣ ሳይንሱ የተሳሳተውን፣ ባለታሪኩ ሕይወት የሌለውን ሁሉ እያነሣ ያፍረጠርጥ ነበር። የገዛ ራሱን የብሊሽን ሥራ እንኳ እንደ ባዕድ ሥራ አንሥቶ መርምሮታል። አሳቡ ግልጽ ነበር። ርካሽ ወረቀት ላይ ቢታተምም ጽሑፍ ጽሑፍ ነው፤ በጥሩ ጽሑፍ ሚዛን ይመዘን ነው የሚለው። እነዚህ ኂሶች በ1964ና በ1970 በመጻሕፍት ተሰብስበው ወጥተዋል።

ከዚህም ሌላ በ1956 ከዴመን ናይትና ከጁዲት ሜሪል ጋር ሆኖ በፔንሲልቬንያ ሚልፎርድ በተባለች ከተማ የጸሐፊዎች ጉባኤ አቋቋመ። ጸሐፊዎቹ ያልታተመ ጽሑፋቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም አንብቦ በፊት ለፊት ይተቻል። ከማስተማር ልምምድ በኋላ ተቀምጠን የምናደርገውን ግምገማ አስታውሱ! ሲደርስብን ያማል፤ ኋላ ግን ይጠቅማል። ብሊሽ ወደ እንግሊዝ አገር ሲሄድም ይህንኑ ጉባኤ ይዞ ሄደ፤ በ1972 እዚያም ተጀመረ።

የእንጀራ ጉዳይ

እስካሁን ያየነው የክብሩን ወገን ነው። ክብር ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ተሸላሚ መጽሐፍ የጻፈ ሰው እንኳ በዚያ ዘመን በሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ ቤተሰብ ማስተዳደር አይሆንለትም ነበር። ስለዚህ ብሊሽ ቀን ቀን የሌሎችን ጽሑፍ ይሠራ ነበር። በ1950ዎቹ ፋይዘር ለተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ሠርቷል። ከ1962 እስከ 1968 ደግሞ ለትምባሆ ኢንስቲትዩት ይጽፍ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። ትምባሆ ኢንስቲትዩት ስሙ የምርምር ተቋም ይመስላል እንጂ የሲጋራ ኩባንያዎች በ1958 ያቋቋሙት፣ ለሲጋራ የሚሟገት ድርጅት ነበር። በጃንዋሪ 1964 የአሜሪካ መንግሥት ከፍተኛ የጤና ሹም ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ የሚያረጋግጥ ሪፖርት አወጣ። ብሊሽ በዚያን ጊዜ ሥራው ላይ ነበር፤ ከዚያም በኋላ አራት ዓመት ቆይቷል። ሰውዬው የባዮሎጂ ተማሪ ነው። የሕክምና ላቦራቶሪ ያውቃል። ስለ ኅሊና ጉዳይ ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ጽፏል።

በዚያው በ1964 ምን ሌላ ሥራ ወጣለት? አንደኛው የኂሱ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር የታተመው ዶክተር ሚራቢሊስ የተባለው ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ስለኖረው ስለ ሮጀር ቤከን ይተርካል። ቤከን በፓሪስ ያስተማረ፣ በኦክስፎርድ የተማረና የተመራመረ መነኩሴ ሲሆን፣ የማኅበሩ አለቆች ያለ ፈቃድ መጽሐፍ እንዳያወጣ ከልክለውት ሳለ በ1267 ታላቁን ሥራውን ጽፎ ለሮማው ጳጳስ የላከ ነው። እንግዲህ ብሊሽ ማታ ማታ ስለ እውነት ሲል መከራ ስለተቀበለ ምሁር ይጽፋል፤ ቀን ቀን ለሲጋራ ኩባንያዎች ይጽፋል። ሁለቱም የአንድ ሰው እጅ ሥራ ናቸው። እኛ ተቀምጠን ልንፈርድበት አንሻም፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ችግር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳናስቀምጥ ብናልፍ የሕይወት ታሪክ ጻፍን አያሰኝም።

ስታር ትሬክ

ስታር ትሬክ በሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተጀመረ። ኢንተርፕራይዝ የምትባል የሕዋ መርከብ፣ አዛዥዋ ካፒቴን ከርክ፣ ሹል ጆሮ ያለው ስሜት የማያሸንፈው ስፖክ፣ ቁጡው ዶክተር ማኮይ፤ እነዚህ ናቸው ዋኖቹ። በጁን 1969 እስኪቋረጥ ድረስ 79 ክፍሎች ታይተዋል። ባንታም የተባለው አሳታሚ ድርጅት ክፍሎቹን ወደ አጫጭር ታሪክ የሚለውጥለት ጸሐፊ ፈለገና ሥራውን ለብሊሽ ሰጠው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሰባት ታሪኮች ይዞ በጃንዋሪ 1967 ወጣ።

ሥራው ምን ዓይነት ነው? የፊልሙ ስክሪፕት ይላክለታል። ስክሪፕት ደግሞ ንግግርና የካሜራ ትእዛዝ እንጂ ታሪክ አይደለም። ብሊሽ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀውን ነገር በጥቂት ገጾች መተረክ ነበረበት። ባለታሪኮቹ የእሱ አይደሉም፤ ሊገድላቸው አይችልም፤ ሊለውጣቸውም አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የመጨረሻው ሳይሆን ቀደም ያለው ረቂቅ ስለሆነ መጽሐፉና ፊልሙ የሚለያዩበት ቦታ አለ። የፊልሙ ተመልካች ያን ጊዜ በቤቱ የቪዲዮ ማጫወቻ አልነበረውም። አንድ ክፍል ካመለጠው አመለጠው ነው። በፈለገው ጊዜ ሊያገኘው የሚችለው በብሊሽ መጽሐፍ ነበር። መጻሕፍቱ ተደጋግመው የታተሙት በዚህም ምክንያት ነው።

ቁርጥ ሥራ ነው ብሎ በቸልታ ሠራው ወይ? አንድ ምሳሌ እንመልከት። ከክፍሎቹ ሁሉ በጣም የተወደደው ሀርላን ኤሊሰን የጻፈው፣ ካፒቴን ከርክ ወደ 1930ዎቹ ተመልሶ የሚወዳት ሴት ስትሞት ዝም ብሎ እንዲያይ የሚገደድበት ታሪክ ነው። ኤሊሰን መጀመሪያ የጻፈውና በቴሌቪዥን የታየው በብዙ ነገር ይለያዩ ነበር። ብሊሽ አንዱን መርጦ መገልበጥ ይችል ነበር፤ ማንም አይጠይቀውም። እሱ ግን ሁለቱንም አንብቦ ከሁለቱም የተሻለውን ለማዋሐድ ሞከረ፤ ይህንንም ማድረጉን በመጽሐፉ ለአንባቢው በግልጽ አስታወቀ። ያ ጠንቃቃው አትሊንግ በቁርጥ ሥራውም ውስጥ አልተኛም ነበር ማለት ነው።

በ1970 ደግሞ ከስክሪፕት ያልተቀዳ፣ ራሱ ያሰበውን የስታር ትሬክ ልብ ወለድ አወጣ። ለአዋቂዎች የተጻፈ የመጀመሪያው የስታር ትሬክ ወጥ ልብ ወለድ ይኸው ነው። ርእሱ ስፖክ መሞት አለበት ይላል። በመርከቧ ሰውን ከቦታ ወደ ቦታ በቅጽበት የሚያሻግር መሣሪያ አለ። ዶክተር ማኮይ አንድ ጥያቄ ያነሣል። መሣሪያው አንዱን ሰው በትኖ በሌላ ቦታ ሲገጥመው፣ የሚወጣው ሰው ያው የመጀመሪያው ሰው ነው ወይስ ቅጂው? ነፍሱስ አብራ ትሻገራለች? ይህን ጥያቄ የፊልሙ ሠሪዎች አላነሡትም ነበር፤ መሣሪያው ለእነሱ ጊዜ መቆጠቢያ ነበር። ብሊሽ ግን የኅሊና ጉዳይን የጻፈ ሰው ነውና አላለፈውም።

ከዚያ መሣሪያው ስቶ ስፖክን ሁለት ያደርገዋል። ሁለቱም እኔ ነኝ እውነተኛው ይላሉ። የትኛው ነው ሐሰተኛው? መልሱ ከባዮሎጂ ይመጣል። ሐሰተኛው ልክ በመስታወት እንደሚታይ ምስል የተገለበጠ ነው። አሚኖ አሲዶች የግራና የቀኝ እጅ ዓይነት ቅርጽ እንዳላቸው የኬሚስትሪ መምህሮቻችን ያስተምሩናል። የተገለበጠ ሰው ከእኛ ማዕድ ቢበላ አካሉ ሊጠቀምበት አይችልም። ሐሰተኛው ስፖክም ራሱን ላቦራቶሪ ውስጥ ቆልፎ ለራሱ የሚሆነውን የተገለበጠ ምግብ ሲያዘጋጅ ይታወቃል። እንግዲህ የሰው መርከብ፣ የሰው ባለታሪክ፣ የሰው ስም ይሁን እንጂ ይህ ከማይክሮስኮፕ ሥር የወጣ አሳብ የብሊሽ ብቻ ነው። በሌላ እጅ ሊጻፍ አይችልም ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ብሊሽ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሁለተኛ ሚስቱ ከሠዓሊዋ ጁዲት ሎውረንስ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። እዚያም በቴምዝ ወንዝ ዳር ካለችው ከሄንሊ ከተማ አጠገብ ተቀመጠ። ከ1968 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት ስለ አስማትና ስለ ክፋት ሁለት ጥቁር መጻሕፍት ጽፎ፣ ከዶክተር ሚራቢሊስና ከየኅሊና ጉዳይ ጋር እንደ አንድ ሥራ ቆጠራቸው። ማሰሪያ አሳባቸው አንድ ነው። እውቀትን ለራሷ ብሎ መፈለግ ወዴት ያደርሳል የሚል።

ኑሮውን የደገፈው ግን ስታር ትሬክ ነበር። የአንባብያን ደብዳቤ ይጎርፍለት ስለነበር ለያንዳንዱ መመለስ እንዳልቻለ በመጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ይገልጽ ነበር። ለሽልማት ያበቃው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አላመጣለትም። ጤናው እየደከመ ሲሄድ በኋለኞቹ ጥራዞች ሚስቱና እናቷ አግዘውታል። ጁላይ 30 ቀን 1975 በሄንሊ በሳንባ ካንሰር ሞተ። ዕድሜው ገና 54 ዓመት ነበር። በሕይወት ሳለ አሥራ አንድ ጥራዞች ወጥተዋል፤ አሥራ ሁለተኛውን ሚስቱ ጨርሳ በ1977 በሁለቱም ስም ታተመ። የተቀበረው በኦክስፎርድ ነው፤ ማለትም ሮጀር ቤከን በተማረባትና በተመራመረባት ከተማ። የብራና ወረቀቶቹም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ንብረት በሆነው በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ለትምባሆ ስለጻፈ ካንሰር ያዘው አንልም፤ ነገሩ እንዲያ በቀላሉ የሚያያዝ አይደለም። ሆኖም ታሪኩን የሚያነብ ሰው ሁለቱን ሳያገናኝ አያልፍም። ያ የተሟገተለት ኢንስቲትዩት በ1998 በሲጋራ ኩባንያዎችና በአሜሪካ ክፍላተ ሀገር መካከል በተደረገው ስምምነት እንዲፈርስ ተወስኖበት ፈረሰ። የጻፈለትን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ የለም። የኩሬው ሰዎች ግን አሉ። የሚበሩት ከተሞች አሉ። በ2002 ስሙ በሳይንስ ልብ ወለድ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በ2004ም ለድሮ ሥራዎቹ ሁለት የሁጎ ሽልማት በትዝታ ተሰጠው። የተከለው የስታር ትሬክ መጽሐፍ ልማድም አድጎ ከእሱ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልብ ወለዶች ተጽፈዋል።

ምን እንማራለን?

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብሊሽን በስታር ትሬክ ምክንያት ወቅሰውታል። እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ሰው ጊዜውን በቅጂ ሥራ አባከነ ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ሊጽፋቸው ሲችል ያልጻፋቸው መጻሕፍት ይኖራሉ። እኛ ግን ሌላ ነገርም ይታየናል። ስንቱ ልጅ ነው የቴሌቪዥኑን ታሪክ ፍለጋ ብሎ መጽሐፍ የከፈተው? ስንቱስ ነው ሽፋኑ ላይ ያየውን ስም ተከትሎ ወደ ኩሬው ሰዎችና ወደ ሊቲያ ቄስ የደረሰው? የተውሶ መጽሐፍ በር ሆነ፤ ከበሩ ወዲያ የራሱ ቤት ነበረ።

እኛም ክፍል ስንገባ የተውሶ መጽሐፍ ይዘን ነው። በዚህ የምናፍርበት ነገር የለም። ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተሰጠን ገጽ ላይ የራሳችንን ጥያቄና እውቀት እንጨምርበታለን ወይስ እንዲሁ እናነበንበዋለን? መርፌዋን በውሃ ላይ አንሳፍፈን ዝም እንላለን ወይስ ከውሃው ሥር ያለውን ዓለም እናሳያለን? ሁለተኛውና የሚከብደው ደግሞ፣ አፋችንን ለማን እያዋስን ነው የሚለው ነው። ብሊሽ ለስታር ትሬክ ያዋሰው ብዕር አላሳፈረውም፤ ለትምባሆ ያዋሰው ግን ከሞተም በኋላ ሲያስጠይቀው ይኖራል። ሁለቱም የሰው ሥራ ነበሩ፤ ሁለቱም እንጀራ አብልተውታል። የለያቸው የሚነገረው ነገር እውነት መሆኑና አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ ሰልጣኞች ሆይ፣ የሰው መጽሐፍ ስናስተምር ከእውቀታችን ሳንቆጥብ እናስተምር። እውነት ያልሆነውን አስተምሩ ስንባል ግን እንጀራው ቢቀርብም ቆም ብለን እናስብ። የሰው ወርቅ እንደ አያያዙ ያደምቃል፤ ሐሰት ግን በማንም እጅ ቢያዝ ማጥቆሩ አይቀርም።